ጠጥቶ ስለ መንዳትና ስለ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ

ሰው በተወለደበት አገር ሳለ ሕጉን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን ከአባቱና ከጎረቤቱ አይቶ ነው። ማን ዋስ እንደሚሆን፣ በየትኛው ነገር ሽማግሌ እንደሚላክ፣ በየትኛውስ ነገር ዝም ማለት እንደሚሻል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያድጋል። ወደ ሰው አገር የሄደ እንደ ሆነ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት እምብዛም አይጠቅመውም። እንጀራውን ለማግኘት ሲል ቋንቋውን ይማራል፤ መኪና መንዳትም ይማራል፤ የሕጉን አካሄድ ግን አደጋ ሲደርስበት ብቻ ይማረዋል። ያ ጊዜ ደግሞ ለመማር የማይመች ጊዜ ነው፤ ሰውየው ፈርቷልና፣ አፍሯልምና።

ውድ አንባብያን፣ ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ይህ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ በፌርፋክስ፣ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድርያ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል መኪና በመንዳት የሚተዳደሩት ጥቂቶች አይደሉም። እኛም በዚያው አገር በአዘቦት ቀን በዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ ለወገን ልጆች ፊደል በማስቈጠር ስንኖር ካጋጠሙን ጉዳዮች አንዱን፣ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላሰብን እንጽፈዋለን። የባለ ጉዳዩን ስም አንጠራም፤ ታሪኩ ለሌላው ማስተማሪያ እንዲሆን ግን እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር፣ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ተጋብዞ ዋለ። በአገራችን ልማድ የእንግዳው ብርሌ ባዶ ሆኖ መታየቱ ለጋባዡ ነውር ነው፤ እንግዳው በቃኝ ቢልም ጋባዡ «በሞቴ» እያለ ይደግመዋል። ወንድማችንም ሚስቱንና ልጆቹን በዘመዱ መኪና አስቀድሞ ሰድዶ እርሱ ከወዳጆቹ ጋር አመሸ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪናው ከመሥመሩ እየወጣ ሲዋልል ፖሊስ አይቶ አስቆመው፤ በመንገድ ዳር በአንድ እግሩ አቁሞ፣ በቀጥታ መሥመር ላይ አስሂዶ ከመረመረው በኋላ ያዘው።

የቨርጂኒያ ሕግ በ210 ሊትር ትንፋሽ ውስጥ 0.08 ግራም ወይም ከዚያ በላይ አልኮል የተገኘበትን ነጂ ጥፋተኛ ያደርገዋል። በጣቢያው ባለው መሣሪያ ሲመረመር የወንድማችን ትንፋሽ 0.11 ሆኖ ተገኘ። የቤት ጠጅ ነው፣ ማር ነው እያሉ መከራከር በዚህ ቦታ አይረዳም፤ መሣሪያው የሚቈጥረው የመጠጡን ስም ሳይሆን አልኮሉን ነውና። ደግሞም በዚያ ግዛት መንገድ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ፣ በዚህ ጥፋት የተያዘ እንደ ሆነ ትንፋሹን ወይም ደሙን ለማስመርመር አስቀድሞ እንደ ፈቀደ ይቈጠራል። ያለ በቂ ምክንያት አልመረመርም ያለ ሰው፣ የመጀመሪያው ቢሆንም እንኳ፣ ስለ እምቢታው ብቻ የመንጃ ፈቃዱን ለ12 ወር ያጣል።

በዚያ አገር ቀንና ሌሊት ሥራው የማይቋረጥ ማጂስትሬት የሚባል ሹም አለ። የክሱን ወረቀት የሚያወጣ፣ የተያዘውም ሰው በዋስ ወይም በፊርማው ይለቀቅ እንደ ሆነ የሚወስን እርሱ ነው። ወንድማችን ስካሩ እስኪበርድለት ድረስ ከቈየ በኋላ፣ በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት እቀርባለሁ ብሎ ፈርሞ በማግሥቱ ተለቀቀ። ፍርድ ገና ሳይሰጥ የመንጃ ፈቃዱ ለ7 ቀን ታገደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ሁሉ በዚያ ግዛት የሚያገኘው እገዳ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከስካሩ ይልቅ ቤቱን የጎዳው ነው። ወንድማችን ለሚስቱ ምንም አልነገራትም። መጥሪያውን አጣጥፎ ፓስፖርቶቹ ባሉበት መሳቢያ ውስጥ ከሥር አደረገው። ሰባቱን ቀን ሁሉ እንደ ወትሮው የሥራ ልብሱን ለብሶ በሰዓቱ ከቤት ይወጣል፤ በአውቶቡስ ሄዶ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ሚስቱ የልጇን የልደት ወረቀት ፈልጋ መሳቢያውን በከፈተች ጊዜ መጥሪያውን አገኘችው። ወደ እኛ መጥታ ስትነግረን «የኔታ፣ እኔን ያሳዘነኝ መያዙ አይደለም፤ ሰባት ቀን ሙሉ ደከመኝ እያለ ጫማውን ሲያወልቅ እግሩን ማጠቤ ነው» አለችን።

በማግሥቱ ሄደን አነጋገርነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ሦስት ነገር ለመነን። የመጀመሪያው፣ ሽማግሌ ሆነን ፖሊሱን እንድንለምንለት ነው። ሁለተኛው፣ በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው ብለን ለዳኛው ደብዳቤ እንድንጽፍለት ነው። ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ወንድሙ ወደሚኖርበት ወደ ሌላ ግዛት ሊሄድ ማሰቡን ነገረን። ሦስቱም ልመናዎች አገራችን ያስተማረችን ልማድ ቅርንጫፎች ስለ ሆኑ አልተቈጣነውም፤ አንድ በአንድ ግን መለስንለት።

ስለ ሽማግሌው ነገር ወረቀቱን እንዲያነብ አደረግነው። በአገራችን ተበዳይና በዳይ አሉ፤ ሽማግሌ በመካከላቸው ገብቶ ካሣ ያስከፍላል፣ ያስታርቃል። በዚህ ክስ ላይ ግን ከሳሽ ተብሎ የተጻፈው ፖሊሱ ሳይሆን የቨርጂኒያ ግዛት ነው። ፖሊሱ ምስክር ብቻ ነው፤ ይቅር ብያለሁ ቢል እንኳ ክሱን የማንሣት ሥልጣን የለውም። ክሱን የሚይዘው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ ከእርሱም ጋር የሚነጋገረው ጠበቃ ነው። ምስክርን ከፍርድ በፊት በስጦታ ወይም በአማላጅ ለማባበል መሞከር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ወደ ሌላ ግዛት ስለ መሄዱም እንዲህ አልነው። በቀጠሮው ቀን አለመቅረብ በዚያ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዳኛው የመያዣ ትእዛዝ ያወጣል፤ ያ ትእዛዝም ሰውየው አንድ ቀን ለቀላል የመንገድ ጥፋት በቆመ ጊዜ ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ የነዳ ሰው ከፍተኛ ቅጣት 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ነው፤ የቀረ ሰውም ስለ መቅረቱ በተጨማሪ እንዲሁ ያለ ቅጣት ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የሸሸ ሰው አንዱን ዕዳ ሁለት ያደርጋል።

ደብዳቤውን በሚመለከት ግን ነገሩ ከበደ። እርሱ እኛን የሚያከብረን ልጆቹን ስለምናስተምር ነው፤ የእኛ ቃል በዳኛው ፊት እንደሚሰማለት ተስፋ አድርጎ ነበር። እኛም ያላየነውንና እውነት ያልሆነውን አንጽፍም አልነው። «እንግዲያው የኔታም ጣሉኝ» ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ሁለት ሳምንትም ሰላምታ ነሣን። ቀጠሮው ሲቀርብ ሚስቱ ይዛው መጣች፤ እውነተኛውን ደብዳቤ ያን ጊዜ ጻፍንለት። በደብዳቤውም ከስድስት ዓመት ጀምሮ እንደምናውቀው፣ ልጆቹን በየቅዳሜው በሰዓቱ እንደሚያመጣ፣ አንድ አረጋዊ ጎረቤቱ በታመሙ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ወደ ሐኪም ሲያመላልሳቸው እንዳየነው ገለጥን። ስለ ዚያ ሌሊት ምንም አልጻፍንም። ጠበቃው ደብዳቤውን አንብቦ፣ ዳኛ ምንም አልጠጣም የሚል ደብዳቤ ከምርመራው ቍጥር ጋር ተቃርኖ ባየ ጊዜ ደብዳቤውን ብቻ ሳይሆን ተከሳሹንም ማመን እንደሚተው ነገረን።

ስለ ጠበቃም ነገር ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። ክሱ እስራት ሊያመጣ የሚችል ከሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ገቢውንና ወጪውን በቅጽ ሞልቶ በመሐላ ካስረዳ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለታል። እንግሊዝኛ የማይበቃውም ሰው በወንጀል ክስ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። ወንድማችን ከመንገደኞች ጋር ሲነጋገር ስለሚውል አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ብሎ ነበር። ሆኖም ጸሐፊው መብቱን ይተው እንደ ሆነ «ዌይቭ» በሚለው ቃል በጠየቀው ጊዜ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠ፤ ቃሉ ሲሰማ እጅ ማውለብለብ ከሚለው ጋር አንድ ነውና። ጠበቃው ፈጥኖ አስቆመውና አስተርጓሚ ተጠየቀ። ዘመድ ወይም ልጅ በዚህ ቦታ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይገባም፤ ልጅ የአባቱን ክስ ሲተረጉም ቃሉንም ልቡንም ይስታል።

ዜግነት ገና ያላገኘ ሰው ለጠበቃው ይህንኑ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ፓዲላ በተባለው ጉዳይ፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኛነትን ማመን ከአገር መውጣትን የሚያስከትል እንደ ሆነ ለደንበኛው የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ፈርዷል። በ2019 ደግሞ የአገሩ ዋና ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ፣ ከአገር እንዳይወጣ ምሕረት የሚለምን ሰው በተወሰነው ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ከሆነ መልካም ጠባይ እንደ ጎደለው አስቀድሞ ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክምም በእርሱ ላይ ይወድቃል። የዜግነት ማመልከቻውም ተይዞ የሚያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ስለዚህ በፍርድ ቤት የተደበቀ ነገር ከዓመታት በኋላ በሌላ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

የፍርዱ ቀን ደረሰ። አብረነው ሄደን ከኋላ ወንበር ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀመጥን። ጉዳዩ የታየው ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት በሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ችሎት ነው። ጠበቃው ማስረጃውን ሁሉ መርምሮ የሚነቀፍ ነገር ስላላገኘበት ወንድማችን ጥፋቱን አመነ። እስራቱ በገደብ ሆነለት፤ ሕጉ ከዚህ በታች አይሁን ያለውን 250 ዶላር መቀጫም እንዲከፍል ተፈረደበት። የትንፋሹ ቍጥር 0.15 ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ሊያስቀርለት የማይችለው የ5 ቀን እስራት ነበረበት፤ ከ0.20 ቢበልጥ 10 ቀን ይሆን ነበር። ዕድሜው 17 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በመኪናው ውስጥ ቢኖር ደግሞ በላዩ ሌላ 5 ቀን እስራትና ከ500 እስከ 1,000 ዶላር መቀጫ ይጨመርበት ነበር። ሚስቱ ይህን ከአስተርጓሚው ስትሰማ የያዘችውን መሐረብ ጨበጠችው።

ፍርዱን ያልተቀበለ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ቢል ጉዳዩ ሰርኪት ኮርት በሚባለው ችሎት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይታይለታል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ይህ በር ይዘጋል። ወንድማችን ከጠበቃው ጋር ተማክሮ ይግባኙን ተወው።

አሁን የመንጃ ፈቃዱን ነገር እናንሣ፤ ብዙ ሰው ፍርዱ በመቀጫው የሚያልቅ ይመስለዋልና። ፈቃዱ ለ12 ወር ይታገዳል። ዳኛው ግን ለተወሰነ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ልጅን ለማድረስና ለመሰለው ሁሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ወደ አምልኮ ስፍራ መሄድም ተጽፏል፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓትና በታወቀ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድማችን የቅዳሴውን ሰዓት የሚገልጥ ደብዳቤ ከሰበካው ጽሕፈት ቤት አወጣ፤ የእሑዱ ማለዳ ጉዞ በትእዛዙ ላይ ተመዘገበለት። በሳምንቱ መካከል በዋለው የእመቤታችን በዓል ግን ራሱ ነድቶ መሄድ ስለማይችል፣ አንድ ጎረቤት በየወሩ በ21 ቀን ማለዳ እየመጣ ይወስደው ጀመር።

ከ2012 ጀምሮ በቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት ሰውም ቢሆን በተወሰነ ፈቃድ ለመንዳት ኢንተርሎክ የሚባል መሣሪያ በመኪናው ላይ ማስገጠም አለበት። ሰውየው በመሣሪያው ውስጥ ካልተነፈሰ ሞተሩ አይነሣም፤ በጉዞም ላይ ሳለ ድንገት ተንፍስ ይለዋል። ያለ ጥፋት በተከታታይ ቢያንስ 6 ወር መቈጠር አለበት። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ እንኳ መሣሪያውን ሊያስቈጣው ስለሚችል ወንድማችን እርሱንም ከቤቱ አስወጣ። ትንሿ ልጁ «አባዬ፣ መኪናውን ለምን ትነፋዋለህ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ጠጥቶ እንደ ነዳ፣ ይህም መጥፎ ሥራ እንደ ሆነ፣ ዳኛውም ይህን እንዳዘዘበት ነገራት። ሚስቱ ይህን ስትነግረን ፊቷ በርቶ ነበር።

ከዚህም ሌላ ስለ አልኮል ጠንቅ በሚያስተምረው በግዛቱ መርሐ ግብር ገብቶ መማር ግዴታ ነው፤ ክፍያውም በሕግ ከ250 እስከ 300 ዶላር ተወስኗል። መኪናውን የሚያስገባበት ኢንሹራንስ ከተለመደው ዝቅተኛ መጠን እጥፍ መሆን አለበት፤ ይህም ለሦስት ዓመት ይቈያል። ጥፋቱ በመንጃ መዝገቡ ላይ ለ11 ዓመት ተጽፎ ይኖራል። የከባድ መኪና ወይም የትልቅ አውቶቡስ ፈቃድ ያለው ሰው፣ በገዛ ትንሽ መኪናው ጠጥቶ ቢነዳም እንኳ ያንን ፈቃድ ለአንድ ዓመት ያጣል፤ በሁለተኛው ጥፋት ለዕድሜ ልኩ ነው። ወንድማችን መንገደኛ ማመላለሱን ትቶ በዚያው ሆቴል በዕቃ ክፍል ውስጥ በአነስተኛ ደመወዝ ተቀጠረ። የቤት ኪራዩን ለመሙላት ሚስቱ የሌሊት ሥራ ጨመረች።

ይህን የጻፍነው ስለ ቨርጂኒያ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ሕግ ሌላ ነው። ለምሳሌ በሜሪላንድ የተያዘ ሰው ፈቃዱ ከመታገዱ በፊት ነገሩ እንዲሰማለት የሚፈልግ ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ይህም ከወንጀሉ ክስ የተለየ ጉዳይ ነው። እንግዲህ መጥሪያውን በመሳቢያ ውስጥ አድርጎ ሁለት ሳምንት ያፈረ ሰው ምን እንዳጣ አስቡት። ሕጉ የእያንዳንዱን ነገር ቀን ይቈጥራል፤ ሰው ስላፈረ ብሎ አይጠብቀውም።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ ሁሉ የምንለው ይህ ነው። ድግስ የሚደግስ ሰው እንግዳው ምን ያህል እንደ ጠጣ ብቻ ሳይሆን በምን እንደሚመለስም ያስብ፤ ቁልፍ ተቀብሎ መኝታ ማንጠፍ ወይም ታክሲ መጥራት ከብርሌ መሙላት የማያንስ ክብር ነው። ባልና ሚስትም ወደ ግብዣ ከመሄዳቸው በፊት ማን እንደማይጠጣ በቤታቸው ይቍረጡ።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ አንዱ የተያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ወረቀቱን በዚያው ቀን በቤተ ሰቡ ፊት ያውጣው፤ ቀጠሮውን ሁሉም በሚያዩት ቦታ ይጻፈው፤ ጠበቃ በቶሎ ይፈልግ፤ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ወዳጆቹም ታሪኩን በየቡናው ከማዞር ይልቅ በፍርዱ ቀን አብረውት ይቀመጡ፤ ፈቃዱ በታገደበት ዓመት ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ያድርሱለት። ለዳኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ከተለመኑም እውነቱን ይጻፉ፤ ስለማንኛውም ሰው ቢሆን በእውነት የሚጻፍ መልካም ነገር አይጠፋም።